ድመትን ከአዲስ ጎጆ ማላመድ

በወሎ ደጋማ አገር አንድ ወጣት ትዳር ይዞ ከወላጆቹ ቤት ሲለይ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ጎጆ መውጣት ማለት የራስን ምድጃ መትከል፣ የራስን ጎታ መሙላት፣ ሲመሽም የራስን በር ከውስጥ መቀርቀር ነው። ዘመድ አዝማድ ለጎጆ ወጪዎቹ እንደየዐቅሙ ይሰጣል፤ አንዱ ምጣድ፣ ሌላው ማሰሮና ድስት፣ አባት ጥጃ ወይም በግ፣ እናት ደግሞ ከራሷ ጎታ የቀነሰችውን የዘር ገብስ ያበረክታሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል በስጦታነት የማይቈጠር፣ ዳሩ ግን ከሌሎቹ ይልቅ የአያያዝ ዕውቀት የሚጠይቅ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ድመት ነው። ምጣድ ካኖሩት ቦታ አይሄድም። ድመት ግን ባመጧት ማግሥት ጠፍታ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በቀድሞ ቤቷ ምድጃ አጠገብ ተጠቅልላ ልትገኝ ትችላለች።

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት፣ ከደሴ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ባለው በኩታበር ወረዳ አንድ ባልና ሚስት አዲስ ቤት ሠሩ እንበል። የግድግዳው ጭቃ ገና በደንብ አልደረቀም። ከቤቱ ውስጥ በአንደኛው ማዕዘን ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት የተሠራ ጎታ ቆሟል። በጎታው ውስጥ ያለው እህል በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው የሚበላ፣ ሁለተኛው የሚዘራ ነው። የሚበላው ቢጎድል ከጎረቤት ይበደሩታል፤ የሚዘራው ቢጎድል ግን የመጪው ዓመት አዝመራም አብሮ ይጎድላል። አይጥ ይህን ልዩነት አታውቅም።

አንዲት ትልቅ የቤት አይጥ በቀን ውስጥ 20 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ይህ መጠን ሲታይ ከእፍኝ ያነሰ ነው። ሆኖም በአንድ ቤት አሥር አይጦች ቢኖሩ በዓመት 73 ኪሎ ግራም ይበላሉ ማለት ነው፤ ይህም ከግማሽ ሄክታር ለሚበልጥ መሬት የሚበቃ የገብስ ዘር ነው። ጥፋቱ በዚህም አያበቃም፤ አይጦች ከሚበሉት ይልቅ በሽንታቸውና በኩሳቸው የሚያበላሹት ሊበልጥ ይችላል። አይጥ በተወለደች በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ለመራባት ትደርሳለች፤ የእርግዝናዋም ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የመኸር እህል በኅዳርና በታኅሣሥ ከተሰበሰበ በኋላ ዘሩ እስከ ሰኔ ድረስ ተጠብቆ መቈየት ስላለበት፣ በእነዚህ ወራት አዲሱ ጎጆ ያለ ጠባቂ ሊያድር አይገባውም።

ድመት ወደ ሰው ቤት የገባችበት ምክንያትም ይኸው እህል ነበር። የዘር ውርስን የመረመሩ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳስታወቁት፣ የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ የመካከለኛው ምሥራቅ ከሆነ የዱር ድመት የተገኙ ናቸው፤ የዚህ የዱር ድመት ዘመዶች በአፍሪካም፣ በአገራችንም ይኖራሉ። ሰዎች ስንዴና ገብስ ማምረትና ማከማቸት ሲጀምሩ አይጦች ወደ ጎተራው መጡ፤ አይጦቹን ተከትላ ድመት መጣች። እንደ በሬና እንደ ፈረስ በገመድ ተስባ የመጣች አይደለችም፤ ለራሷ ጥቅም በራሷ እግር መጥታ ቀረች ማለት ይቻላል። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ገደማ ባስቈጠረ መቃብር ውስጥ የአንድ ሰው አፅም በአጠገቡ ከተቀበረች ድመት አፅም ጋር ተገኝቷል። በዚያ ደሴት የዱር ድመት በተፈጥሮ አልነበረምና፣ ድመቲቱን በጀልባ የወሰዳት ሰው መሆን አለበት።

ስለ ጎረቤት አገር ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። ከኩታበር በስተምዕራብ በተንታ በኩል የመቅደላ አምባ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚህ አምባ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ብዙ ቅርስ ዘርፎ ተመለሰ። ከዘመቻው ተመላሾች አንዱ «ዙላ» የምትባል ድመትም ወደ እንግሊዝ አገር ይዞ እንደገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1874 በታተመ ስለ ድመቶች በሚናገር መጽሐፍ ተመዝግቧል። ዙላ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ወደብ ስም ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ «የአቢሲኒያ ድመት» እየተባለ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ዝርያ የእርሷ ዘር ነው ሲባል ኖሯል፤ የቅርብ ጊዜ የዘር ምርመራ ግን የዝርያው ምንጭ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እንደሚያደላ አመልክቷል። ከሆነም የአገራችን ስም የተሰጠው ለሌላ አገር ድመት ነው። የእኛዋ፣ በምድጃችን አጠገብ የምታንጐራጕረው ጉራማይሌዋ ድመት፣ ስም አውጪም ገዢም አላገኘችም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ድመት አዲስ ቤት የምትጠላው ለምንድን ነው? ውሻ ጌታውን ተከትሎ ይኖራል፤ ጌታው በሄደበት ሁሉ ቤቱ እዚያ ነው። ድመት ግን በመጀመሪያ የምትላመደው ከቦታ ጋር ነው። በጉንጮቿና በአገጯ፣ በጭራዋም ሥር፣ ሰው የማያሸተውን ሽታ የሚያመነጩ ዕጢዎች አሏት። ድመት በምሰሶ፣ በደጃፍና በሰው እግር ላይ ስትታሻሽ የምናየው ለፍቅር ብቻ አይደለም፤ «ይህ የኔ ነው» የሚል ምልክት እያኖረች ነው። በኖረችበት ቤት ውስጥ በየማዕዘኑ የራሷ ምልክት አለ። አዲስ ቤት ስትገባ ግን ምልክቷ የትም የለም፤ የምታሸተው ሁሉ የባዕድ ነው። በዚያ ላይ ጆሮዋ ከእኛ ጆሮ እጅግ የረቀቀ ነው፤ ሰው በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ያለውን ድምፅ ሲሰማ እርሷ ከ60,000 በላይ ትሰማለች። በእኛ ዘንድ ጸጥ ያለው አዲስ ቤት ለእርሷ በማታውቀው ጫጫታ የተሞላ ነው።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የተነገረው ለሰው መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ስለ ድመቲቱም እውነት ይናገራል። ዐመሏን ማስረሳት አይቻልም፤ የሚቻለው ዐመሏን ዐውቆ በዚያው መንገድ ማላመድ ነው። (በአማርኛ ድመት በተባዕታይም በአንስታይም ጾታ ትነገራለች፤ በዚህ ጽሑፍ በአንስታይ የተጠራችው አብዛኛው ተናጋሪ እንደዚያ ስለሚላት ነው።)

የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜ ነው። ብዙ ሰው ገና ዐይኗን እንደ ገለጠች ሊወስዳት ይፈልጋል፤ «በሕፃንነቷ ከመጣች የቀድሞ ቤቷን አታስታውስም» ይላል። ሐሳቡ ከፊል እውነት አለው። ሆኖም ግልገሏ ከእናቷ የምትማረው ብዙ ነው። እናቲቱ በመጀመሪያ የሞተች አይጥ፣ ቈይታም በሕይወት ያለች አይጥ ለልጆቿ እያመጣች አደን ታስተምራቸዋለች። ኩስን በአፈር መሸፈንን፣ ሳይነክሱ መጫወትንም የሚማሩት ከእናታቸውና ከወንድም እኅቶቻቸው ነው። ስለዚህ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናቷ ልትለይ አይገባም፤ እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ብትቈይ ደግሞ የተሻለ ነው። በሌላ በኩል ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ድረስ ባለው ጊዜ በሰው እጅ ያልተዳሰሰች ግልገል ዘመኗን ሁሉ ሰው ፈሪ ሆና ልትቀር ትችላለች። እንግዲህ ከማን ቤት እንደምትወሰድ መምረጥ ያስፈልጋል። እናቷ ጐበዝ አዳኝ የሆነች፣ ልጆች በቀስታ እያነሡ ያሳደጓት ግልገል ከሌሎቹ ትመረጣለች፤ የጠጕሯ ቀለም ለአይጥ ምንም ለውጥ አያመጣም።

ከመምጣቷ በፊት ማደሪያዋ ይሰናዳል። ለድመት ሰፊ ቦታ ምሕረት አይደለም። በትልቅ ቤት መካከል የተለቀቀች እንግዳ ድመት ከጣሪያው ማገር ላይ ትወጣና ሁለት ቀን ሳትወርድ ትቀራለች። ስለዚህ ጓዳው፣ ወይም በመጋረጃ የተከለለ አንድ ማዕዘን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃታል። በዚያ ማዕዘን አፏ ወደ ግድግዳ የዞረ ቅርጫት ተቀምጦ፣ በውስጡ የአሮጌ ባና ወይም የአሮጌ ጋቢ ቍራጭ ይነጠፍበታል። ቍራጩ ከቀድሞ ቤቷ፣ እናቷ ከተኛችበት የመጣ ከሆነ እጅግ የላቀ ነው፤ በባዕዱ ቤት መካከል አንድ የሚታወቅ ሽታ ታገኛለችና። ምጣድና ማሰሮ ከእናት ቤት የሚያመጡ ጎጆ ወጪዎች ይህን ቡትቶ ማምጣት አይከብዳቸውም።

መንገዱን እንዳታይ በጆንያ አድርጎ መውሰድ በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። ድመት መንገዷን የምታገኘው በዐይኗ ብቻ ስላልሆነ በጆንያ መሸፈን መመለሷን አይከለክልም፤ ይልቁንም አየር ያጥራታል፣ ሽብሯንም ያበዛዋል። አየር የሚያስገባ ክዳን ያለው ቅርጫት የተሻለ ነው። እንግሊዞች ደግሞ አዲስ የመጣችን ድመት መዳፍ ቅቤ የመቀባት የቈየ ልማድ አላቸው፤ ቅቤውን ስትልስ ፍርሃቷን ትረሳለች ብለው ነው። በእኛ አገር የቅቤ ዋጋ ከድመት መዳፍ ይልቅ ለሙሽራዪቱ ራስ እንደሚገባው ማንም አይክድም።

የመጀመሪያው ሌሊት ከሁሉ ይከብዳል። በኩታበርና በአካባቢዋ ደጋ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ትንሽ ግልገል የሰውነቷን ሙቀት በሚገባ መጠበቅ አትችልም፤ በእናቷ ቤት የምትሞቀው ከወንድም እኅቶቿ ጋር ተደራርባ ነበር። ብቻዋን ስትሆን ትጮኻለች፤ ጩኸቷም እስኪነጋ ሊቀጥል ይችላል። ሰውም ሁለት ነገሮችን ያደርጋል፤ ወይ ተቈጥቶ ወደ ውጭ ይጥላታል፣ ወይ ዐዝኖ ከምድጃው አፍ ያስጠጋታል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ውጭ የተጣለች ግልገል የጅብና የቀበሮ ሲሳይ ትሆናለች። ምድጃ ዳር የተተወችው ደግሞ ሙቀት ፍለጋ ከረመጡ ላይ ትወጣና መዳፏን ትቃጠላለች፤ በላዩ ዐመድ የሸፈነው ፍም ለሰውም እንኳ አይታይም። የሚበጀው፣ ውኃ አሙቆ በጠርሙስ ወይም በፕላስቲክ ዕቃ አጥብቆ በመክደን፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ከቅርጫቷ ውስጥ ማኖር ነው። ይህ ሙቀት ለጊዜው የእናቷን ጎን ይተካላታል።

በዚያ ሌሊትና በማግሥቱ ድመቲቱን ከተሸሸገችበት ጎትቶ ማውጣት አይገባም። መሸሸግ ለእርሷ መዳኛ እንጂ ማኩረፍ አይደለም። ምግቧና ውኃዋ በአጠገቧ ተቀምጦ፣ ሰው በጓዳው ውስጥ ሥራውን እየሠራ በዝቅተኛ ድምፅ ቢነጋገር ይበቃል። ዐይኗን ትኩር ብሎ ማየት በድመት ዘንድ እንደ ዛቻ ይቈጠራል። ድመት ለምታምነው ሰው ዐይኗን ቀስ አድርጋ ትጨፍናለች፤ ሰውም እንዲሁ ቢያደርግላት የምትቀርብበት ጊዜ ይፈጥናል። አንዳንዷ በአንድ ቀን፣ አንዳንዷ በሁለት ሳምንት ከቅርጫቷ ትወጣለች። ወጥታም በጎታው፣ በምሰሶውና በመደቡ ጠርዝ ላይ ጉንጯን ማሻሸት ከጀመረች ጎጆውን የራሷ አድርጋ መዝገብ እንደ ጀመረች ይታወቅ።

ለመጸዳጃዋ ዝቅ ያለ አሮጌ ገበቴ ወይም ካርቶን ዐመድና ደረቅ አፈር ተቀላቅሎበት ይቀመጣል። ከምግቧ ራቅ ያለ መሆን አለበት፤ ድመት በምትበላበት አትጸዳዳም። ጠዋት ጠዋት መጠረጉ ለሽታ ብቻ አይደለም። በድመት ኩስ ውስጥ ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዐይን የማይታይ ተውሳክ ሊኖር ይችላል። ይህ ተውሳክ ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዛት ፅንሱን ሊጎዳ፣ ሊያስወርድም ይችላል። ተውሳኩ ሰውን የመያዝ ኀይል የሚያገኘው ኩሱ ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ከቈየ በኋላ በመሆኑ፣ በየቀኑ የሚጠረግ ኩስ አደጋው አነስተኛ ነው። ጎጆ ወጪዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ጠረጋውን ባል ይውሰድ። ይህን የሰማ ሰው ድመቲቱን ለማባረር ይቸኵል ይሆናል፤ ነገር ግን ይኸው ተውሳክ በጥሬ ሥጋና በሚገባ ባልታጠበ አትክልትም ይተላለፋል። ድመቱን አባርሮ ቍርጥ ሥጋ የሚበላ ሰው ከበሽታው አላመለጠም።

ስለ ምግብ ብዙ የተሳሳተ ልማድ አለ። በመጀመሪያ ደረጃ «ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» እየተባለ ግልገሏ በረኀብ ትቀጣለች። ድመት የምታድነው ስለ ተራበች ብቻ አይደለም፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲታያት በጥጋቧም ትዘልበታለች። የተራበች ድመት ግን ቤቱን ትታ ወደ ጎረቤት ወጥ ቤት ትሄዳለች፤ ሌባ የምትባለውም ያን ጊዜ ነው። ግልገል በቀን ሦስትና አራት ጊዜ፣ ትልቅ ድመት ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ብትመገብ ይበቃታል።

ሁለተኛው ስሕተት እንደ ሰው የምትበላ መምሰሉ ነው። ድመት ሥጋ በል ናት። ጣፋጭ የሚለይ የምላስ ስሜት እንኳ የላትም፤ ስኳርና ማር ለእርሷ ጣዕም የለሽ ናቸው። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ሊሠራው ስለማይችል ከሥጋ ማግኘት አለባት፤ ካጣችው ዐይኗ ይታወራል፣ ልቧም ይደክማል። እንጀራ በሽሮ ብቻ እየተሰጣት አይጥም ሳታገኝ የምትኖር ድመት ቀስ በቀስ እየተጐዳች ነው። እንዲያውም ወጡ ራሱ ሊመርዛት ይችላል፤ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ። ያለ ሽንኩርት የሚሠራ የወሎ ወጥ ደግሞ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ለእርሷ የሚሆነው ፍርፋሪ ወጥ ሳይነካው፣ ከጥቂት የተቀቀለ ሥጋ፣ ከጉበት፣ ከሳንባ ወይም ከተቀቀለ ዕንቍላል ጋር መቅረብ አለበት። ወተትን በተመለከተ፣ ካደጉ ድመቶች ብዙዎቹ ወተት ሲጠጡ ያስቀምጣቸዋል፤ ንጹሕ ውኃ ይበልጥባቸዋል።

እዚህ ላይ ጾም አንድ ችግር ያመጣል። በክርስቲያን ቤት በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ዕንቍላልና ወተት ከማዕድ ይርቃሉ፤ ድመት ግን አትጾምም። አዲስ የመጣች ድመት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠፋው ብዙውን ጊዜ በዚህ ወቅት ቢሆን አያስደንቅም። በወሎ ግን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብቶና ተዛምዶ ስለሚኖር መላ አይጠፋም። ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበሉም፤ ድመቲቱ ግን ቢላዋውን ማን እንደ ያዘው አትጠይቅም። ከሙስሊም ጎረቤት የሚገኝ የአንጀት ወይም የሳንባ ቍራጭ ጾሙን ሁሉ ያሻግራታል። በእስልምና ትምህርት ድመት እንደ ነጃሳ አትቈጠርም፤ ከነቢዩ ሙሐመድ ባልደረቦች አንዱ አቡ ሁረይራ፣ ማለትም «የድመት ግልገል አባት»፣ የተባሉት ድመት ይወዱ ስለ ነበር ነው ይባላል።

ከዶሮዎች ጋር የሚኖራት ግንኙነት ቸል ሊባል አይገባም። ለድመት ጫጩትና አይጥ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ትንሽ፣ ሁለቱም የሚሮጡ፣ ሁለቱም የሚጮኹ ናቸው። በግልገልነቷ የመጣች ድመት ከእናት ዶሮ አንድ ጊዜ በደንብ ከተነከሰች ዕድሜ ልኳን ትታቀባለች። ትልቅ ሆና የመጣችውን ግን ማመን አይቻልም፤ ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ድረስ በእንቅብ ውስጥ መቈየታቸው ግድ ነው። ውሻ ካለ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዳይተያዩ አድርጎ፣ የአንዱን መኝታ ጨርቅ ሌላው እንዲያሸተው መስጠት በኋላ የሚመጣውን ጠብ ይቀንሳል።

ድመት ስትቧጭር ወይም ስትነክስ ነገሩን እንደ ቀልድ የሚወስዱት ብዙዎች ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ በስሙ የውሻ ቢመስልም ድመትንም ይይዛል፤ በድመት ንክሻም ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ከመታየቱ በፊት የተከተበ ሰው ግን ይድናል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ድመቲቱን በቍጣ መግደል አይገባም፤ የሚቻል ከሆነ ለዐሥር ቀን ተዘግቶባት መጠበቅ አለባት። ዐሥሩን ቀን በጤና ካለፈች በነከሰችበት ሰዓት በሽታው በምራቋ እንዳልነበረ ይታወቃል። ከሦስት ወር ዕድሜዋ ጀምሮ በእንስሳት ሐኪም ብትከተብ ይህ ሁሉ ሥጋት ይቀላል።

ሌላው ትልቅ አደጋ መርዝ ነው። ጎጆ ወጪዎቹ ድመት ከማምጣታቸው በፊት ምናልባት ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝተው በጎታው ዙሪያ አስቀምጠው ይሆናል። መርዝ የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ተዳክማ፣ እየተንገዳገደች ትወጣለች። ድመት በቀላሉ የምትይዘው ደግሞ እንዲህ ያለችውን ነው። የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ መርዝ የገደለው አይጥ በአዲስ አይጥ ሲተካ ጠባቂ የሌለው ይሆናል። በአንድ ጎጆ መርዝና ድመት አብረው ሊኖሩ አይችሉም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነው። ችግሩ ግን በአንድ ጎጆ አያበቃም። ድመት የቤት ወሰን እንጂ የአጥር ወሰን ስለማታውቅ፣ የጎረቤት መርዝም ይገድላታል። ድመት ከመምጣቷ በፊት ከአጎራባቾች ጋር በቡና ላይ ተነጋግሮ መስማማት ከሁሉ የሚቀድም ዝግጅት የሚሆነው ስለዚህ ነው። ጎረቤት መርዙን እንዲተው ሲጠየቅ «የኔን አይጥ ማን ይይዝልኛል?» ማለቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሱ ድመቲቱ በእርሱም ቤት እንድትገባ በሩ ላይ ቀዳዳ መተው፣ ከወለደችም ከልጆቿ አንዷን ለእርሱ መስጠት ነው።

በሩ ለድመቲቱ የሚከፈተው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከቈየች በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከምግብ ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሳትበላ መለቀቅ አለባት፤ ረኀቡ ይመልሳታል። በእነዚያ ሳምንታት ምግብ ሲቀርብላት «ውሮ፣ ውሮ» እየተባለች የተጠራች ድመት፣ ያንኑ ጥሪ ከደጅ ስትሰማ ትመጣለች። አወጣጧም እንደ ሰው አይደለም፤ ደጃፉ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ትቀመጣለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትወጣለች፣ ግድግዳውን ታክካ ቤቱን አንድ ጊዜ ትዞራለች። በዚህ ጊዜ ልጆች ሊከተሏት፣ ውሻም ሊፈታ አይገባም። የቀድሞ ቤቷ በዚያው ቀበሌ ከሆነ ግን ከወር በኋላም ልትመለስ ትችላለች። የቀድሞ ባለቤቶቿ ምግብ ሳይሰጧት ቢያስመልሷት፣ አዲሶቹም እንደገና ለሁለት ሳምንት ቢዘጉባት በመጨረሻ ትረጋለች።

ይህ ሁሉ ድካም ምን ያህል ይክሳል? በዚህ ረገድ ከመጠን ያለፈ ተስፋ መስጠት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2018 በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ስፍራ ለ79 ቀን በካሜራ የተደረገ ክትትል፣ ድመቶች የገደሏቸው ትልልቅ አይጦች ሁለት ብቻ እንደ ነበሩ አሳይቷል። ድመት የጐለመሰች ትልቅ አይጥ ትፈራለች፤ የምትመርጠው ትንንሾቹንና ግልገሎቹን ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ ዛሬ ኢስዋቲኒ በምትባለው በስዋዚላንድ የገጠር ቤቶች የተደረገ ጥናት አለ። በዚያ ድመትና ውሻ አብረው በሚገኙበት ግቢ አይጦች ወጥተው የሚመገቡት ምግብ ቀንሶ ተገኝቷል፤ ድመት ብቻ ወይም ውሻ ብቻ ባለበት ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። አይጦቹ የሚቀንሱት በመያዛቸው ብቻ ሳይሆን በመፍራታቸውም ጭምር ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በቦርኒዮ ደሴት ባሪዮ በሚባል ሩቅ መንደር አይጥ አዝመራውን ሲያስፈራራ፣ የእንግሊዝ አየር ኀይል ከ20 የሚበልጡ ድመቶችን በጃንጥላ አውርዷል፤ ድመት ማጣት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከዚህ ይታያል። ስለዚህ ጎጆ ወጪዎቹ በድመቲቱ ብቻ ተማምነው የጎታውን ክዳን መምረግ፣ በግድግዳው ሥር ያለውን ቀዳዳ መድፈን፣ የፈሰሰውን እህል መጥረግ ሊተዉ አይገባቸውም።

ድመቲቱ ስድስት ወር ገደማ ሲሞላት ለመፀነስ ትደርሳለች፤ የእርግዝናዋ ጊዜ ከ63 እስከ 65 ቀን ነው። ልትወልድ ስትል ሰው የማይደርስበትን ጨለማ ማዕዘን ትፈልጋለች፤ ብዙውን ጊዜም የጎታው ኋላ ይሆናል። ግልገሎቹ በተወለዱ በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ደጋግሞ ከነካካቸው እናቲቱ በአንገታቸው እያነከሰች ወደ ሌላ ስፍራ ታሸሻቸዋለች። የመርዙን ጉዳይ የተስማማው ጎረቤት ድርሻውን ለመጠየቅ ቶሎ መምጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ በሚቀጥለው ጥር ልጁን የሚድር ሌላ ዘመድም እንዲሁ። ስምንቱ ሳምንት ሳይሞላ ግን ለማንም አይሰጥም፤ ሲሰጥም እናቲቱ ከተኛችበት ባና አንድ ቍራጭ አብሮ ይቀደዳል።